ሞላ ታስሯል

ኢቲሳም ሁለቱን የመኪናዋን የፊት ሞላዎች ቅዳሜ ዕለት በናፍጣ አጥባ፣ ዝገታቸውን በሽቦ ብሩሽ ፍቃ፣ ከሟች አባቷ አልጋ ሥር ጎን ለጎን አስተኝታቸው ነበር። ሰኞ ጠዋት ጎንበስ ብላ ስታይ ያለው አንዱ ብቻ ነው።

አልጋውን ከነፍራሹ ወደ ግድግዳው ገፋችው። አሮጌ የላስቲክ ጫማ፣ የተጠቀለለ ሰሌን፣ አንድ ሞላ። የመኪና ሞላ እንደ መርፌ የሚጠፋ ዕቃ አይደለም፤ ወፍራም ብረት ተጠምዝዞ የተሠራ፣ ሕፃን ልጅ የሚያህል ነገር ነው። አይጥ አይጎትተውም። ሌባም ቢገባ ከዚያ ቤት የሚወስደው የተሻለ ነገር አያጣም።

ወደ ውጭ ወጣች። ወንድሟ ኑርዬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዝናቡን እያየ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል።

«ሞላው የት አለ?» አለችው።

«የቱ ሞላ?»

«የፊቱ። ሁለት ነበሩ።»

«እህ፣ ሞላማ ዘምቷል» አለ መፋቂያውን ካፉ ሳያወጣ። «ያገሩ ወንድ ሁሉ ሲዘምት እሱ ምን ቤት ነው አልጋ ሥር የሚተኛው?»

«እንዳንተ ነዋ።»

መፋቂያው ቆመ። ኑርዬ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ምራቁን ወደ ጭቃው ተፋና መፋቁን ቀጠለ።

ሁለቱ የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ ከዚያ ሌላ የሚያስማማቸው ነገር ቢፈለግ አይገኝም። ኑርዬ ጅዳ የውሃ ቦቴ ሲነዳ ኖሮ፣ እስር ቤት ከርሞ፣ ልብሱን በፌስታል ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። ኢቲሳም ደግሞ ኮንያ በሚባል የቱርክ ከተማ የመኪና ምህንድስና ተምራ መጥታለች። እሱ እሷን ሲያይ በሰው አገር በነጻ በልታ፣ በነጻ ተምራ፣ በአውሮፕላን የተመለሰች ሞልቃቃ ትታየዋለች። እሷ እሱን ስታይ አባቱ ሲሞት ከጅዳ አንዲት ስልክ ያልደወለ ልጅ ይታያታል። እሷም ለቀብሩ አልደረሰችም። ይህን ኑርዬ ነገር ሲያጣ ያነሳዋል።

መኪናዋ የአባታቸው ነበረች። አባትየው ሀሚድ ከሐይቅ ከተማ ደሴ፣ ከሐይቅ ውጫሌ ሰው ሲያመላልስባት የኖረባት አሮጌ ላዳ ናት። እሱ ከሞተ በኋላ ከቤቱ ጀርባ ቆማ ዶሮ እንቁላል ይጥልባት ነበር። ኢቲሳም የተመለሰችው ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ነው። ያኔ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ሰው ሲቃቀፍ ነበር የሚያሳየው። መኪና የሚገጣጥም ፋብሪካ ሊከፈት ነው ተባለ፤ አጥሩ ታጠረ፤ ከአጥሩ ውስጥ ሣር በቀለ፤ ሣሩን ከብት ገብቶ በላው። እሷ ዲግሪዋን ይዛ ዓመት ጠበቀች፤ ሌላ ዓመት ደገመች። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ተነስታ ዶሮዎቹን አባረረችና የላዳዋን የኋላ ወገብ በብረት መቁረጫ ግራይንደር ቆረጠችው። ጎረቤቱ አበደች አለ።

አላበደችም። የኋላውን ክፍል የጭነት አደረገችው፤ ሞተሩን አውርዳ ፈታታ ገጠመችው፤ መሪውን፣ ፍሬኑን፣ መብራቱን ሠራች። «ቱርኳ» የሚል ቅጽል ስም ለእሷ ወጣላት። አንዳንድ ጊዜ ተጋድማ ስታስበው መኪናዋን የምትሠራው መኪና ፈልጋ ይሁን፣ ወይስ ቁጭ ብላ እንዳትታይ ብቻ ይሁን፣ ራሷም አታውቀውም ነበር። አንድ የምታውቀው ነገር አለ። ሐይቅ ውስጥ ያገኛት ሰው ሁሉ «ምን ነክቶሽ መጣሽ?» ይላታል፤ ይህች መኪና በአራት እግሯ የቆመች ቀን ለዚያ ጥያቄ መልስ ይኖራታል። የቀረው የፊቱ ብቻ ነበር። የፊቱ ማለት ደግሞ ሁለቱ ሞላዎች ናቸው፤ ያለ እነሱ መኪናዋ በአፍንጫዋ ድንጋይ ላይ እንደተደፋች ትቀራለች።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ጦርነቱ ሳይደርስ በፊት ነው። አሁን ነሐሴ ነው፤ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት። ከውርጌሳና ከውጫሌ በኩል ሰው ፍራሹን በራሱ፣ ፍየሉን በገመድ ይዞ በአስፋልቱ ላይ ወደ ደሴ ይወርዳል። ወደ ላይ የሚወጣው ወታደርና ስንቅ ነው። ስንቅ የሚያሰባስብ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ በባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ፣ መኪና ያለው ከነሹፌሩ እንዲቀርብ ለፈፈ። ከነሹፌሩ። ከሰፈራቸው አንድ ሚኒባስ ዳቦ ቆሎ ጭኖ ወጥቶ ነበር፤ መስታወቱ ረግፎ፣ ሌላ ሰው እየነዳው ተመለሰ። ሹፌሩን ባለፈው ሳምንት ቀበሩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኑርዬ መኪናዋን እንደ መኪና አያያትም። እንደ ቃሬዛ ነው የሚያያት። እዚያ ቤት መንጃ ፈቃድ ያለው ወንድ እሱ ብቻ ነው። መኪናዋ በቆመች ማግስት ማን ተጠርቶ እንደሚወጣ ኢቲሳምም አላጣችውም። «ፈራሁ» ቢላት ምናልባት እጇን ታነሳ ነበር። እሱ ግን ፈራሁ የሚል ቃል ካፉ አይወጣም፤ የሚወጣው ፌዝ ነው።

«ለጊዜው አንዱን አስገባለሁ» አለችው። «የሌላውን ነገር ደግሞ ማታ እንነጋገራለን።»

«አይገባልሽም። ባለፈው ሳምንት አልገባ ብሎሽ ስታለቅሺ አልነበር?»

«አላለቀስኩም።»

«ሁለት ዙር ቁረጪለትና ይግባ አልኩሽ። ጅዳ ፓኪስታኖቹ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። አንቺ ግን የተማርሽ ነሽ።»

«ሞላ የሚቆርጥ ሰው መኪና አጠገብ ባይደርስ ይሻለዋል» አለችው። «የተቆረጠ ሞላ ያጥራል። ካጠረ ደግሞ አለቀ። አይቀጠልም። ብትበይደውም የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይሰበራል።»

«ወላሂ፣ አስተማሪ» አለና ፊቱን ወደ ዝናቡ መለሰ።

ሸራ በወጠረችበት ጓሮ ገብታ ሥራዋን ጀመረች። እንዲህ ያለ ሞላ በነጻነቱ እያለ ቦታው አይገባም፤ ረጅም ነው። መጀመሪያ ተጨፍልቆ ማጠር፣ ካጠረ በኋላ እንዳይዘረጋ መታሰር፣ ከዚያ ጎማውን በሚይዘው ታችኛው ክንድና በላይኛው መቀመጫ መካከል መሰካት አለበት። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስለሌለ፣ ከሁለት ረጃጅም ቡሎኖች ጫፍ ላይ መንጠቆ አስበይዳ የራሷን ሠርታለች። የበየደላት ከመንገዱ ማዶ የብየዳ ቤት ያለው ሞላ ነው። ስሙ ነው፤ እናቱ ያወጣችለት። መንጠቆዎቹን የሠራ ቀን «ሞላ ሞላን ሊያሳስር» ብሎ ብቻውን ስቆ ነበር።

ቡሎኖቹን ተራ በተራ አጠበቀች፤ ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ። ሞላው እየጮኸ አጠረ። በእያንዳንዱ ጩኸት ራሷን ወደ ኋላ ትስባለች። ኮንያ ያስተማራት ሰውዬ የግራ እጁ ሁለት ጣት አልነበረውም፤ የወሰደው እንዲህ ያለ ሞላ ነው። በደንብ ካጠረ በኋላ በሰንሰለት ጠፍራ አሰረችው፤ ለመተማመኛ ደግሞ ወፍራም ሽቦ ደረበችበት። ከዚያ ተሸክማ በክሪክ በደገፈችው ክንድ ላይ አስቀመጠችውና መኪናዋ ሥር ገብታ በጀርባዋ ተኛች። ለክንዱ የሚያስፈልጋትን ቡሎን በጥርሷ ነከሰች።

የግቢው በር የተንኳኳው ይሄኔ ነው።

ከተኛችበት የሚታያት እግር ብቻ ነው። የኑርዬ ነጠላ ጫማ ወደ በሩ ሄደ። ከእሱ ጋር ጭቃ የበላው ቦቲ ጫማ ተመለሰ። የቦቲው ባለቤት ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው፤ የእህል ነጋዴ፣ አሁን ደግሞ የስንቅ ኮሚቴው ዋና ሰው። ከጃንጥላቸው የሚንጠባጠበው ውሃ ከቦቲው አጠገብ ጉድጓድ ይሠራል።

«ይቺ መኪና ዛሬም አልተነሳችም?» አሉ።

«እኔን ምን ይጠይቁኛል?» አለ ኑርዬ። «ባለቤቷ ከሥር ናት።»

«ልጄ ኢቲሳም፣ መቼ ነው የምትነሳው?»

ኢቲሳም የምትለው ነገር ግልጽ ነበር። ሞላው ታስሯል፣ ነገ ይገባል፣ ከገባ ትነሳለች። ነገር ግን በጥርሷ ቡሎን ነክሳለች፤ «ሞላው» ከሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ው» ቡሎኑ ዋጣት። የወጣው እንዲህ ሆነ፤

«ሞላ ታስሯል። ነገ ይገባል። ከዚያ ትነሳለች።»

ቦቲው አንድ እርምጃ ወደ መኪናዋ ቀረበ።

«ሞላ ታሰረ?» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጤፍና ማሽላ የሸጡ ሰው ናቸው፤ ከመኪና የሚያውቁት በሩን ነው። «በያጁ? ሹፌራችሁ እሱ ነው እንዴ?»

ኢቲሳም ኑርዬ እስኪስቅ ጠበቀች። ያለወትሮው አልሳቀም። ነጠላ ጫማው ውስጥ አውራ ጣቱ አንዴ ከፍ አለ፤ መልሶ ተኛ።

«አዎ» አለ። «ሞላ ነው።»

«እሱማ ድሮ አይሱዙ ነድቷል፤ አውቃለሁ። ምን አድርጎ ነው የታሰረው?»

«እኔ እንጃ። ዘንድሮ ምን የማያሳስር ነገር አለ?»

«አብሽሩ፣ እኔ አስፈታዋለሁ። ነገ ይገባል ካላችሁ ደግሞ ጥሩ፤ ስሙን አሁኑኑ ደውዬ ለበላዮቹ እነግራለሁ። እኔ ሹፌሩ አንተ መስለኸኝ ነበር፣ ኑርዬ።»

«እኔ ወገቤን ያመኛል።»

ቡሎኑን መትፋት አንዲት ትንፋሽ ነው የሚፈጀው። ኢቲሳም አልተፋችውም። እዚያው ጭቃው ላይ ተኝታ በፍጥነት አሰበች። የሹፌር ስም ካገኙ ይሄዳሉ፤ ከሄዱ ኑርዬ ይረጋጋል፤ ከተረጋጋ የሰወረውን ሞላ ይመልሳል፤ መኪናዋ ትቆማለች። የበያጁ ነገር ቀስ ብሎ ይስተካከላል። ቦቲው ዞሮ ሲወጣ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ቡሎኑ አሁንም በጥርሷ መካከል ነበር።

ቡሎኑን ተፍታ ተንፏቃ ወጣች።

«ምን ማለትህ ነው?»

«አንቺ ያልሽውን ነው ያልኩት» አለ ኑርዬ። «ሞላ ታስሯል አልሽ። ሞላ ታስሯል አልኩ። ውሸት ከሆነ ለምን ከሥር አልጮህሽም?»

ኢቲሳም ዘይት የነካ እጇን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። ይህን አይቶ ቀኑን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲያባራ በሩ ሳይንኳኳ ተበረገደ። የበያጁ የሞላ ሚስት ሠርክአዲስ ናት። አራስነቷ ገና አልወጣላትም፤ ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላለች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሷል።

«የት ነው ያሳሰራችሁት?» አለች። «ጋሽ ሙሉጌታ ባልሽ ታስሯል አሉኝ። ጣቢያ ሄድኩ፤ የለም አሉኝ። እዚህ የለም ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ ዘንድሮ?»

«ሠርክዬ፣ ባልሽ አልታሰረም። ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። የታሰረው ማነው?»

ኢቲሳም ሌላ የምታደርገው ቢጠፋት በጣቷ አሳየቻት። ከመኪናዋ ክንድ ላይ፣ በሰንሰለት ተጠፍሮ፣ አጥሮ የተቀመጠውን ብረት።

«ይኸ ነው የታሰረው።»

ሠርክአዲስ ብረቱን አየችው፤ ኢቲሳምን አየቻት፤ እንደገና ብረቱን አየችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ እስኪያልቅ የሚስቅበት ነገር ነው።

«እኔ ጣቢያ በር ላይ ስጮህ የነበረው ለዚህ ነው?» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ተምረሽ መጥተሽ አንድ ስም አስተካክለሽ መጥራት አቃተሽ?»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ባሏ ራሱ ገባ። ሞላ ሱሉላ በምትባል አነስተኛ ከተማ የወፍጮ ቤት በር ሊበይድ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ከመንገዱ ጥግ ጋሽ ሙሉጌታ አግኝተውት «እንኳን ተፈታህ፤ ነገ ጠዋት ስንቅ ጭነህ ወደ ውጫሌ ትወጣለህ፤ ስምህ ተላልፏል» ብለውታል። ወደ ብየዳ ቤቱ ገባ፤ ከከሰል ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር አወጣ፤ ተሸክሞት መጣ። ከትከሻው አውርዶ ግቢው መሃል ጣለው። ጭቃው ውስጥ ስምጥ ብሎ ቆመ። ሁለተኛው የፊት ሞላ ነው።

«ሞላችሁ ይኸውላችሁ» አለ። «እሱን ውሰዱና እኔን ተዉኝ።»

ኢቲሳም ብረቱን አውቃዋለች። በናፍጣ ያጠበችው ራሷ ናት።

«አንተ ጋ ምን ይሠራል?»

«ወንድምሽን ጠይቂው። ትናንት አምጥቶ ‹ደብቅልኝ፤ እህቴ ካልገጠምኩ ብላ አብዳለች› አለኝ። የቤተሰብ ነገር ነው ብዬ ደበቅኩለት። ውለታዬን በስሜ ከፈለኝ።»

ኑርዬ ከበረንዳው ወርዶ ነበር።

«አንተ መንጃ ፈቃድ አለህ» አለው። «የእኔ የሳዑዲ ነው፤ እዚህ አይሠራም።»

«ኑርዬ፣ በእናትህ፣ ይኸን ቀልድ ተወው። ሚስቴ አራስ ናት። ልጁን አታየውም?»

«አየሁት። አንተ ልጅ አለህ፣ ሚስት አለህ፣ ሱቅ አለህ። እኔ ምንም የለኝም። ስለዚህ እኔ ልሙት፣ አይደል? ሰፈሩ ሁሉ የሚያስበው ይኸን ነው። እሷም ይኸን ነው የምታስበው።»

«እኔ አላልኩም» አለች ኢቲሳም።

«አላልሽም። ዝም ብለሽ መኪናውን ነው የምትሠሪው።»

ሞላ ዘሎ የኑርዬን ሸሚዝ ያዘ። ኑርዬ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ተረከዙ የክሪኩን እጀታ መታው፤ መኪናዋ ትንሽ ተንቀሳቀሰች፤ የታሰረው ሞላ ሰንሰለቱ ውስጥ ተንገጫገጨ።

«አትንቀሳቀሱ» አለች ኢቲሳም። ድምፅዋን አላነሳችም። «ሰንሰለቱ ከለቀቀ መጀመሪያ ያገኘውን ፊት ነው የሚወስደው። ሠርክዬ፣ ልጁን ይዘሽ ወደ በሩ ሂጂ። እናንተ ባላችሁበት ቁሙ።»

ቆሙ። ሞላ የኑርዬን ሸሚዝ እንደያዘ፣ ኑርዬ የሞላን እጅ አንጓ እንደያዘ፣ ሁለቱም ብረቱ ላይ አፍጥጠው ቆሙ። ጠቡ ግን አልቆመም፤ ድምፁን ቀንሶ ቀጠለ።

«ሌባ» አለ ሞላ በሹክሹክታ።

«አመዳም» አለ ኑርዬ።

«የአባትህን መኪና የምትሰርቅ።»

«ሸሚዜን ልቀቅ።»

«አንተ እጄን ልቀቅ።»

ኢቲሳም ተንበርክካ የክሪኩን እግር አስተካከለች፤ ከሥሩ ጣውላ ደረበች፤ ሽቦውን አንድ ዙር አጠበቀች። ሁለቱም ሞላዎች አሁን ከፊቷ ናቸው፤ አንዱ ታስሮ፣ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ። ከምሽቱ በፊት ሁለቱንም ታስገባለች። ነገ ጠዋት መኪናዋ በአራት እግሯ ትቆማለች። ይህን ለማድረግ የሚከለክላት ነገር የለም፤ ሞላውን የሰረቃት ሰው ራሱ በሌላ ሰው እጅ ተይዟል። ስታስበው ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

በሩ ላይ ጃንጥላ ታየ።

«ሞላ ገባ?» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። ከዚያ ሞላን በሁለት እግሩ ግቢው መሃል ቆሞ አዩትና ፊታቸው በራ። «ይኸው ገብቷል። ተቃቅፋችሁ አገኘኋችሁ፤ ጥሩ ነው፤ እንዲህ ነው ወንድማማች።»

ሁለቱ ሰዎች ተላቀቁ። ሞላ ኢቲሳምን አያት። ሠርክአዲስ ከበሩ አጠገብ ኢቲሳምን አየቻት። ኑርዬ ብቻ መሬት መሬት ያያል።

አንዲት ቃል ነበር የሚበቃው። «አዎ፣ ገባ» ብትል ሞላ ይወጣል። «ሹፌሩ ወንድሜ ነው» ብትል ኑርዬ ይወጣል፤ ይኸኛው ደግሞ እውነት ነው፤ እውነቱን መናገር ሌባን ማጋለጥም ነው። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የሌብነቱን፣ የፌዙን፣ የአባቷን ቀብር ነገር በየጊዜው ፊቷ ላይ መወርወሩን አሰበች። ስሙ ምላሷ ላይ እንዳለ ቀና ብላ አየችው። መፋቂያውን በሁለት እጁ ይዞ እየሰባበረው ነው።

«ሞላው ነው፣ ጋሽ ሙሉጌታ» አለች። «‹ው› አለበት። በአፌ ቡሎን ይዤ ነበር። ታስሯል ያልኩት ይኸን ብረት ነው። ሞላ የሚባል ሹፌር የለንም።»

ጋሽ ሙሉጌታ ብረቱን አዩት። ጃንጥላቸውን አጠፉ።

«እኔ ጣቢያ ድረስ ሄጄ ፍቱልኝ ያልኩት ብረት ነው?»

«አዎ።»

«ይኸ ልጅ ግን አዎ ብሎኛል። ሹፌሩ ሞላ ነው ወይ ስለው አዎ ብሎኛል።» ወደ ኑርዬ ዞሩ። «እኔን በዚህ ዕድሜዬ አላገጥክብኝ። ታዲያ ሹፌሩ አንተ ነህ ማለት ነዋ።»

ኑርዬ የተሰባበረውን መፋቂያ ጭቃው ላይ ጣለ።

«መጀመሪያ ትነሳ» አለች ኢቲሳም። «ያልተነሳ መኪና ሹፌር አያስፈልገውም።»

«ነገ ትነሳለች ብለሽኛል።»

«ብዬ ነበር። እየሠራሁ ነው።»

መብራት መጥቶ እንደሆነ ለማየት የበረንዳውን አምፖል ማብሪያ ተጫነችው። በርቷል። ግራይንደሩን ሰካች፤ መነጽሯን አደረገች፤ ጭቃው ውስጥ የቆመውን ሞላ አንስታ በእግሯ ድንጋይ ላይ ረገጠችው። ግራይንደሩ ሲጮህ ሕፃኑ አብሮ አለቀሰ። ዲስኩ ብረቱን ሲነካው የእሳት ፍንጣሪ እስከ ሸራው ተረጨ። ከላይ አንድ ዙር አልቆረጠችም፤ ከታችም አልቆረጠችም፤ እኩሌታው ላይ፣ ወገቡን።

ሞላ ወደ ግራይንደሩ አንድ እርምጃ ተራምዶ ቆመ። ብረት የሚያውቅ ሰው ነው፤ ምን እንደምታደርግ ገብቶታል። ኑርዬም ገብቶታል። ጋሽ ሙሉጌታ ብቻ ፍንጣሪውን በአድናቆት እያዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«በርቺ» አሉ ከጩኸቱ በላይ። «እንዲህ ነው ሥራ ማለት። ጠዋት እመጣለሁ። አንተም ነገ ጠዋት እዚሁ እንዳገኝህ፣ ኑርዬ። ሁለተኛ አልሰማህም።»

ሲወጡ ሞላን «ይቅርታ አድርግልኝ፤ ስምህን አሁን ደውዬ አስመልሳለሁ» አሉት። ሞላ ሚስቱን ተከትሎ ወጣ። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ ለሁለት የተከፈለውን ብረት አየ። አመሰግናለሁ አላለም፤ እሷም አልጠበቀችም።

ግራይንደሩን ነቀለች።

«አሁን አመሰግንሻለሁ ብዬ እንዳልወድቅልሽ» አለ ኑርዬ።

«ቁረጪው ብለኸኝ ነበር። ቆረጥኩት።»

«እኔ ሁለት ዙር ነው ያልኩት።»

«በል ስማኝ» አለች። መነጽሯን አላወለቀችም። «ያባቴን መኪና ነው የቆረጥኩት። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ አንተን ለሞት የሚልክ ሰው ሆኜ ይህን ግቢ መርገጥ ስለማልፈልግ ነው። ነገ ጠዋት ሰውዬው ሲመጡ እዚህ ካገኙህ ግን ሹፌሩ ማነው ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ። ሁለተኛ ሞላ የለኝም።»

ኑርዬ የተቆረጠውን ብረት በእግሩ ገፋ አደረገው። ገብቶ በዚያው ከጅዳ በመጣበት ዓይነት ፌስታል ልብሱን ከተተ። አስፋልቱ ላይ ወደ ደሴ የሚወርደው ሰው አልተቋረጠም፤ ኑርዬ ፍራሽ ከተሸከመ አንድ ሽማግሌ ኋላ ገብቶ ተቀላቀለ። በሩን ሳይዘጋው ነው የሄደው።

በማግስቱ ጋሽ ሙሉጌታ በማለዳ መጡ። ሁለት ወጣቶች የበሶ ማዳበሪያ ተሸክመው ተከትለዋቸዋል። ግቢውን በዓይናቸው ዳሰሱ፤ ኑርዬ የለም። መኪናዋ እንደ ትናንቱ በአፍንጫዋ ተደፍታለች። ሰውዬው ሌሊቱን ሲለማመዱት ያደሩ ይመስል ቃሉን ከነመጨረሻው አጥርተው ጠሩት፤

«ሞላው ገባ?»

«ተቆርጧል» አለች ኢቲሳም። ሁለቱን ቁራጮች አሳየቻቸው።

ጋሽ ሙሉጌታ ቁራጮቹን አገላብጠው አዩ። የተቆረጠበትን አፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ጎበዝ» አሉ። «ከተቆረጠ እንግዲህ ሊገባ ነው ማለት ነው። ሹፌሩም እስከዚያ ይመጣል።»

ወጣቶቹን ማዳበሪያውን በረንዳው ላይ አስወረዷቸው። ከዚያ ኑርዬ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ተቀመጡ፤ መኪናዋ እስክትነሳ ሊጠብቁ።

ኢቲሳም መኪናዋ አጠገብ ተንበረከከች። የቀረውን ሞላ ከክንዱ ላይ አውርዳ መሬት አስቀመጠችው፤ የቡሎን መፍቻውን ቺያቬ አነሳች፤ ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ እያለች የታሰረውን መፍታት ጀመረች።